ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፦ አንዲት ፊደል ያስዘለለችው ገጽ

ልጅ ሆነን ፊደል ስንቆጥር ሁለቱን የምንለያቸው «ጸሎቱ ጸ»፣ «ፀሐዩ ፀ» እያልን ነበር። ድምፃቸው አንድ ነው። ፀሐይ ብላችሁ ጻፉት፣ ጸሐይ ብላችሁ ጻፉት፣ አንባቢው ያው ጠዋት በምሥራቅ የምትወጣዋን ነው የሚያስባት። ከአማርኛ መምህር በስተቀር የሚቆጣችሁ ሰው የለም።

በሰው ልጅ ዘረመል ውስጥም እንዲህ ዓይነት የፊደል መለዋወጥ አለ። በአንዷ ፊደል ቦታ ሌላዋ ትገባለች፤ ንባቡ ግን ያው ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ለውጥ «ዝምተኛ» የሚል ስም ሰጥተውት ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይጨነቁበት ኖረዋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ዝምተኛ ፊደል ነው። ዝም አላለችም። እሷ ባትኖር ኖሮ ሕፃናትን የሚቀጥፍ አንድ ክፉ በሽታም ባልኖረ ነበር።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቧቸው።)

ዓይኑ ንቁ፣ እግሩ ዝም

ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ይመስላል። ያለቅሳል፣ ይጠባል። ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ በኋላ ግን እናቱ አንድ ነገር ታስተውላለች። ዳይፐር ስትቀይርለት አይራገጥም። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት እግር ግራና ቀኝ ተዘርግተው ይቀራሉ። አንገቱን የሚያቀናበት ጊዜ ደርሶ አላቀናም። ብብቱን ይዘው ሲያነሱት ከእጅ ሊያመልጥ ይደርሳል፤ ሰውነቱ እንደ ጨርቅ ልል ነው። ለቅሶው እየሳሳ ይሄዳል። ሲተነፍስ የሚንቀሳቀሰው ደረቱ ሳይሆን ሆዱ ነው።

ፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። ሰው ሲገባ በዓይኑ ይከተላል። ሲያጫውቱት ይስቃል። አእምሮው ምንም አልሆነም። የተጎዳው ከአከርካሪ ውስጥ ተነስቶ ወደ ጡንቻ ትዕዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ነው። እነዚህ ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ትዕዛዝ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ይሟሽሻል። ይህን በሽታ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያከብደው ለእኔ ይኸው ነው፦ ልጁ ሁሉንም እያወቀ፣ እያየ፣ እየሳቀ ነው የሚደክመው።

በሽታው ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ ይባላል፤ ባጭሩ ኤስ ኤም ኤ። መጀመሪያ የመዘገቡት ኦስትሪያዊው ሐኪም ጊዶ ወርድኒግ በ1891 እና ጀርመናዊው ዮሃን ሆፍማን በ1893 ናቸው። በርካታ ዓይነት አለው። ስድስት ወር ሳይሞላ የሚጀምረው አንደኛው ዓይነት እጅግ ከከፉት አንዱ፣ ከሁሉም የበዛው ነው። እነዚህ ሕፃናት ያለ ድጋፍ ቁጭ ማለት አይችሉም። ድሮ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ፣ ወይም በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ይቀሩ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ያለበት ልጅ ቁጭ ይላል፣ ግን ራሱን ችሎ አይሄድም። ሦስተኛው መሄድ ይጀምርና ዕድሜው ሲገፋ ሊያቆም ይችላል።

በግምት ከ10,000 ሕፃናት አንዱ ይያዛል። ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በዘር ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ሕፃናትን በመግደል ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዱ ነው። ተሸካሚው ደግሞ ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሰፊ ምርመራ በአማካይ ከ54 ሰው አንዱ፣ ከአፍሪካ አሜሪካውያን ከ72 ሰው አንዱ ተሸካሚ ሆኖ ተገኝቷል። ተሸካሚው ራሱ ምንም አይሰማውም፤ ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ነው ነገሩ የሚመጣው። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። እንዲህ ባለ ቤት «በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» የሚል ክርክር ሳይነሳ አይቀርም። እውነት ነው፣ አልታየም። ከአባትም ከእናትም ወገን ተደብቆ ነው የመጣው። ያጠፋም የለም።

እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ አንድም መድኃኒት አልነበረም። ወላጆች የሚመከሩት ልጁን ወደ ቤት ወስደው እንዲንከባከቡት ነበር። በቃ።

መንትያው

በ1990 ተመራማሪዎች ችግሩ ያለው በ5ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሆነ ደረሱበት። በ1995 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ የጁዲት ሜልኪ ቡድን ጂኑን ራሱን አገኘው። ስሙ ኤስ ኤም ኤን ተባለ። ሲፈታ የአንቀሳቃሽ ነርቮችን በሕይወት መቆየት የሚያመለክት ነው። ከበሽተኞቹ 95 በመቶ ያህሉ ከአባትም ከእናትም መምጣት የነበረበት ይህ ጂን የላቸውም። ተቆርጦ ወድቋል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደ ነው። ጂን ጠፋ፣ በሽታ መጣ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጂኑ ብቻውን አልነበረም። እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ክሮሞዞም ላይ መንትያ አለው። አንዱን ኤስ ኤም ኤን 1፣ ሌላውን ኤስ ኤም ኤን 2 አሏቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡ ልዩነታቸው ከጣት ቁጥር ብዙም አያልፍም። ሁለቱም የሚጽፉት ፕሮቲን አንድ ነው፤ 294 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች በሏቸው)፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል።

እናም በሽተኞቹ ሁሉ ኤስ ኤም ኤን 2 አላቸው። ሁለቱንም ያጣ ፅንስ ለመወለድ አይደርስም።

ነገሩን በመኪና አስቡት። ጎማ ፈነዳ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ስታዩ ስኮርታው አለ። አዲስ ነው፣ ልኩ ትክክል ነው፣ ፋብሪካውም አንድ ነው። ታዲያ መኪናው ለምን አይሄድም? ሜልኪና ባልደረቦቿ ጂኑን ካገኙ በኋላ ብዙ ላቦራቶሪዎችን ያስጨነቀው ጥያቄ ይኸው ነበር።

አንድ ፍንጭ ነበራቸው። ሰው ሁሉ እኩል ኤስ ኤም ኤን 2 የለውም። አንዱ ሁለት ቅጂ፣ ሌላው ሦስት፣ ሌላው አራት ይዞ ይወለዳል። አንደኛው ዓይነት ያለባቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ሁለት ቅጂ ብቻ ነው ያላቸው። ሦስት ቅጂ ያላቸው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ይወጣቸዋል። አራት ያላቸው ይበልጥ ይቀላቸዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ልክ አይሆንም፤ አዝማሚያው ግን ግልጽ ነው። ስኮርታው በበዛ ቁጥር መኪናው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ስኮርታው ሙት አይደለም። አየሩ ነው የጎደለው።

ጠራዡ ታሪኩን አያነብም

አየሩ የት እንደሚያፈስ ለመረዳት ጂን እንዴት እንደሚነበብ ትንሽ ማወቅ ይጠይቃል። አይዟችሁ፣ አይረዝምም።

ዲኤንኤ ዋናው መዝገብ ነው። ከቦታው አይነሳም። ሴሉ ፕሮቲን መሥራት ሲፈልግ ከመዝገቡ ላይ የሚፈልገውን ክፍል ይገለብጣል። ግልባጩ አርኤንኤ ነው። ይህ ግልባጭ ግን እንዳለ ሥራ ላይ አይውልም። በደህናዎቹ ገጾች መካከል ብዙ የማይፈለግ ወረቀት ተሰግስጎበታል። ደህናዎቹ ገጾች ኤክሶን፣ የሚጣሉት ወረቀቶች ኢንትሮን ይባላሉ። የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈለጉት እጅግ ይረዝማሉ። ስለዚህ መሐል ላይ አንድ ጠራዥ ያስፈልጋል። ኢንትሮኑን ቆርጦ ይጥላል፣ ኤክሶኖቹን አስተካክሎ ይሰፋል፣ ከዚያ መልእክተኛ አርኤንኤ ተብሎ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው ይላካል። ሥራው ስፕላይሲንግ ይባላል። ጂኖች እንዲህ ተቆራርጠው እንደተቀመጡ የታወቀው በ1977 ነው። ይህን በየፊናቸው ያገኙት ፊሊፕ ሻርፕ እና ሪቻርድ ሮበርትስ በ1993 ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን ወደ ፊደላችን። ኤስ ኤም ኤን ውስጥ ኤክሶን 7 የሚባል አጭር ገጽ አለ። 54 ፊደል ብቻ ነው። በስድስተኛው ቦታ ላይ ኤስ ኤም ኤን 1 «ሲ» አለው፤ ኤስ ኤም ኤን 2 «ቲ»። በዘረመል ቋንቋ ሦስት ፊደል አንድ ቃል ነው፤ አንድ አሚኖ አሲድ ይጠራል። እዚህ ቦታ ያለው ቃል በአንዱ ጂን «ቲቲሲ»፣ በሌላው «ቲቲቲ» ነው። ሁለቱም የሚጠሩት ፌኒልአላኒን የተባለውን ያንኑ አሚኖ አሲድ ነው። ጸሐይና ፀሐይ።

ማንም ሰው ይህን አይቶ «ይህችማ ምንም አታደርግም» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። በ1999 ግን ክርስቲያን ሎርሰን፣ ኤልየት አንድሮፊ እና ባልደረቦቻቸው ተቃራኒውን አሳዩ። «ሲ»ን በ«ቲ» ሲተኩ ኤክሶን 7 ተዘለለ። «ቲ»ን በ«ሲ» ሲመልሱ ኤክሶን 7 ተመለሰ። ሁለት ጂኖችን የሚለየው ነገር ሁሉ ተጠቃሎ እዚያች አንዲት ፊደል ላይ አረፈ።

ለምን? ጠራዥ ታሪኩን አያነብማ! ጠራዥ የሚያየው ምልክት ነው። የገጽ ቁጥር፣ የታጠፈ ጥግ፣ በእርሳስ የተጻፈች ጭረት። ጸሐፊው ምን ማለት እንደፈለገ ጉዳዩ አይደለም። «ሲ» የነበረችበት ቦታ «ይህን ገጽ አትጣል» የሚል ምልክት ነበር። «ቲ» ስትገባ ትርጉሙ ሳይነካ ምልክቱ ጠፋ።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶቹ ተከራክረዋል። በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ የሚሠሩት ኤድሪያን ክሬነርና ባልደረባቸው ሉካ ካርቴኚ በ2002 «ቲ» ስትገባ «አትጣል» ባዩ ፕሮቲን መቀመጫ ያጣል አሉ። በዓመቱ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ካሺማና ማንሊ ደግሞ «ቲ» ራሷ «ዝለለው» ለሚል ሌላ ፕሮቲን መቀመጫ ትሆናለች ብለው መጡ። ወንበር ጠፋ ወይስ ወንበር ተጨመረ? ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። ዛሬ ብዙዎች ሁለቱም አብረው እንደሚሠሩ ነው የሚያስቡት።

ውጤቱ ግን አላከራከረም። ከኤስ ኤም ኤን 2 ከሚወጡት መልእክቶች ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኙ ኤክሶን 7 የላቸውም። ከእነሱ የሚሠራው ፕሮቲን ጫፉ የጎደለ ነው፤ ሴሉ ቶሎ አፍርሶ ይጥለዋል። ሙሉ ሆኖ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ሕፃኑን እስኪወለድ ድረስ ያቆየው ያ ጥቂቱ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር አለ። የዚህ ፕሮቲን ሥራ ራሱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጊዲዮን ድራይፈስ እና ሌሎችም ባደረጉት ምርምር እንደታየው፣ የኤስ ኤም ኤን ፕሮቲን ዋና ሥራው የጠራዡን መሣሪያ መገጣጠም ነው። የስፕላይሲንግ ማሽን ከትናንሽ አርኤንኤዎችና ከፕሮቲኖች የተሠሩ ክፍሎች አሉት። እነዚያን ክፍሎች ቀለበት በቀለበት አስተካክሎ የሚያስቀምጠው ኤስ ኤም ኤን ነው። ለጠራዡ መቀስ የሚሠራለት እሱ፣ በመቀሱ ገጹ የሚቆረጥበትም እሱ! ነገሩ ደግሞ ይዞራል። ኤስ ኤም ኤን ሲያንስ መሣሪያው ይዳከማል፤ መሣሪያው ሲዳከም ኤክሶን 7 ይበልጥ ይዘለላል። ይህ ማሽን በሁሉም ሴል ውስጥ ሲኖር ከሁሉ ቀድመው የሚሞቱት አንቀሳቃሽ ነርቮች ለምን እንደሆኑ እስካሁን የጦፈ ክርክር ነው።

ፍሬኑን መሸፈን

ኤድሪያን ክሬነር ኡራጓይ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ስፕላይሲንግ እንዴት እንደሚሠራ በማጥናት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የመድኃኒት ሰው አልነበሩም። በ1990ዎቹ ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ ስለ ኤስ ኤም ኤ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተገኙ። ከዚያ ሲወጡ አንድ ነገር ይዘው ወጡ። ይህ በሽታ ጂን ጠፍቶ የመጣ ብቻ አይደለም፤ የእሳቸው ዓይነት ሰው የሚያውቀው የጥረዛ ስሕተትም ነው። የጠፋውን ጎማ መመለስ ካልተቻለ ስኮርታውን መንፋት አይቻልም ወይ?

መንገዱ እንዲህ ነው። በኤክሶን 7 ዙሪያ «አስቀር» የሚሉም «ዝለል» የሚሉም ብዙ ምልክቶች አሉ። «ዝለል» የሚለውን ምልክት በአንድ ነገር ብትሸፍኑት ጠራዡ አያየውም፤ ገጹን ያስቀረዋል። መሸፈኛው ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። የዘረመል ፊደላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣበቃሉ። የምትሸፍኑትን ጽሑፍ ተቃራኒ ጥንድ አጭር ሰንሰለት አድርጋችሁ ብትሠሩት ሄዶ እዚያው ላይ ይለጠፋል። ፕላስተር በሉት። በሙያው አንቲሴንስ ይባላል።

ፕላስተሩ የት ይለጠፍ? ዋናው ጥያቄ ይህ ሆነ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ራቪንድራ ሲንግ፣ ናታሊያ ሲንግ እና አንድሮፊ በ2006 አንድ ወሳኝ ቦታ ይፋ አደረጉ። ከኤክሶን 7 ቀጥሎ ባለው ኢንትሮን ውስጥ፣ ማለትም ተቆርጦ በሚጣለው ወረቀት ላይ፣ 15 ፊደል የምትሆን ቦታ ነበረች። ኃይለኛ ፍሬን ናት። እሷን ሲያጠፏት ወይም ሲሸፍኗት ኤክሶን 7 ይመለሳል። ልብ በሉ፣ መፍትሔው የተገኘው ቆሻሻ ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ነው።

ክሬነር ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ካርልስባድ ከሚገኘው አይሲስ ፋርማሲውቲካልስ ጋር፣ ከፍራንክ ቤኔት ጋር አብረው ይሠሩ ነበር። ፕላስተሩን ጂኑ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያንሸራተቱ የትኛው ቦታ ይበልጥ እንደሚሠራ ፈተሹ። አሰልቺ ሥራ ነው። እነሱም እዚያችው ፍሬን ላይ ደረሱ። በመጨረሻ የተመረጠው 18 ፊደል ያለው ሰንሰለት ኑሲነርሰን ተባለ። (ኩባንያው በኋላ በ2015 መጨረሻ ስሙን አዮኒስ ብሎ ቀይሯል። «አይሲስ» የሚለው ስም በዚያን ጊዜ ዜና ላይ ምን ሲባልበት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የጥንት እንስት አምላክ ስም ነበር፤ ምን ይደረግ።)

አይጦች ላይ መሞከሩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። አይጥ አንድ ኤስ ኤም ኤን ብቻ ነው ያለው፤ መንትያ የለውም። ያንን ስታጠፉበት አይወለድም። ስለዚህ የአይጡን ጂን አጥፍቶ የሰውን ኤስ ኤም ኤን 2 የያዘ አይጥ መሥራት አስፈልጓል። ይህ የተሳካው በ2000 ነው። ቀለል ያለ በሽታ ያለባቸው አይጦች ጅራታቸውና የጆሮአቸው ጫፍ ይደርቅና ይወድቃል። መድኃኒቱን ያገኙት ጅራታቸው ተረፈ። በማይክሮስኮፕ ሳይሆን በዓይን የሚታይ ውጤት ነው።

በነገራችን ላይ ቺምፓንዚም የኤስ ኤም ኤን ተደጋጋሚ ቅጂ አለው። ያቺ «ቲ» ግን የለችበትም። ኤስ ኤም ኤን 2 የሰው ብቻ ነው።

መርፌውና ቁጥሩ

ይህ መድኃኒት በአፍ አይዋጥም። በደም ሥር ቢሰጥም ከደም ወደ አንጎልና ወደ አከርካሪ አይሻገርም። ስለዚህ በታችኛው ጀርባ በኩል በመርፌ፣ አከርካሪውን ወደከበበው ፈሳሽ ነው የሚገባው። በአንድ ጊዜ 12 ሚሊግራም። በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ፣ ከዚያ በየአራት ወሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በታኅሣሥ 2011 ነው። ከ2013 ጀምሮ 20 ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ከእነዚህ ውስጥ የሞቱ ነበሩ። ከሞቱት ሕፃናት ናሙና ተወሰደ። ያንን ሳነብ ትንሽ ቆም ብያለሁ፤ ልጅ ቀብሮ ለሌላው ልጅ ይጠቅማል ማለት ቀላል አይደለም። በናሙናው ላይ መድኃኒቱ ነርቮቹ ውስጥ ገብቶ ታየ። ኤክሶን 7ን የያዘው መልእክት መድኃኒት ባላገኙ ሕፃናት ከ12 እስከ 26 በመቶ ነበር፤ ባገኙት ላይ ከ50 እስከ 69 በመቶ። ፕላስተሩ በሰው ነርቭ ላይ፣ ቦታው ላይ እንደተለጠፈ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይመጣም።

ቀጥሎ ትልቁ ሙከራ መጣ። 122 ሕፃናት፣ ሁሉም ሰባት ወር ወይም ከዚያ በታች ሳሉ የገቡ። ሁለት እጁ መድኃኒቱን ያገኛል፤ ሲሶው አያገኝም። የማያገኙት ጀርባቸው ላይ በትንሽ መርፌ ይወጉና ፕላስተር ይደረግላቸዋል፤ ለማስመሰል ነው። ወላጅ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ አያውቅም። በሚሞት ሕፃን ላይ እንዲህ ማድረግ ተገቢ ነው ወይ? ብዙ ያከራክራል። የእኔ አስተያየት ከተፈለገ፣ ልብ አይቀበለውም፤ ጭንቅላት ግን ይቀበለዋል። ያለዚያ «ይሠራል» ማለት የሚቻለው በተስፋ ብቻ ይሆን ነበር።

በ2016 አጋማሽ መሐል ላይ ቁጥሩ ሲታይ ልዩነቱ በጣም ሰፍቶ ስለተገኘ ሙከራው ከጊዜው ቀድሞ ቆመ። ያላገኙትም እንዲያገኙ መንገድ ተከፈተ። በመጨረሻው ስሌት መድኃኒቱን ካገኙት 51 በመቶው በእንቅስቃሴ መሻሻል አሳዩ። ካላገኙት አንድም። መድኃኒቱን ካገኙት 39 በመቶው ሞቱ ወይም በቋሚነት መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ዋሉ፤ ካላገኙት 68 በመቶው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማመልከቻው ከገባለት ሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ፈቀደ። የገበያ ስሙ ስፒንራዛ ነው። ክሬነርና ቤኔት ለ2019 የብሬክስሩ ሽልማትን አገኙ።

ጋዜጦች «ተአምር» ብለው ጻፉ። እዚህ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ማለት ያስፈልጋል። ከላይ ያለውን 39 በመቶ ደግማችሁ እዩት። መድኃኒቱን አግኝተውም ያልዳኑ ብዙ ናቸው። በዚያ ሙከራ መድኃኒቱን ካገኙት ሕፃናት ያለ ድጋፍ ቁጭ ያሉት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ስኮርታውን ብትነፉትም መኪናው ገደል ከገባ በኋላ ከሆነ ምን ይጠቅማል?

መልሱ ቀድሞ መድረስ ነው። ከ2015 ጀምሮ 25 ሕፃናት ምልክት ሳይታይባቸው፣ በደም ምርመራ ብቻ ተለይተው መድኃኒቱን ጀመሩ። በ2019 በወጣው ሪፖርት 25ቱም በሕይወት ነበሩ። 25ቱም ያለ ድጋፍ ቁጭ ይላሉ። 22ቱ ራሳቸውን ችለው ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ፊደሉ ያው ነው፤ የተለየው የጀመሩበት ቀን ነው። ለዚህም ነው አሜሪካ በ2018 ይህን በሽታ አራስ ሕፃናት ሁሉ እንዲመረመሩባቸው ከሚመከሩ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው። የሚያስፈልገው ከተረከዝ የሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም ነው።

ዋጋውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ባለኝ። አንዱ መርፌ ሲወጣ 125,000 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ዓመት 750,000፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 375,000። ዕድሜ ልክ። በ2019 ዞልጀንስማ የተባለው መጣ፤ አዲስ ጂን በቫይረስ አስጭኖ አንዴ የሚሰጥ ነው፤ ሲወጣ 2.125 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2020 ደግሞ ሪስዲፕላም ተፈቀደ። እሱ በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ነው፤ ሥራው ግን እንደ ኑሲነርሰን ነው፣ ጠራዡ ኤክሶን 7ን እንዳይጥል መርዳት። መርፌው ቀረ፤ ዋጋው ግን ያው የሰማይ ዋጋ ሆነ። በየአገሩ ወላጆች ገንዘብ ሲለምኑ የምናየው ለዚህ ነው። የምርምሩ ብዙ ክፍል የተሠራው በሕዝብና በቤተሰቦች ማኅበራት ገንዘብ መሆኑን ስታስቡ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

ወደ ፊደሏ ልመለስ። ኑሲነርሰን ዲኤንኤውን አይነካም። ኤስ ኤም ኤን 1 አልተመለሰም። ኤስ ኤም ኤን 2 አልታረመም። በእነዚያ በሚሮጡት ልጆች እያንዳንዱ ሴል ውስጥ፣ በኤክሶን 7 ስድስተኛ ቦታ ላይ፣ «ቲ» ዛሬም እንዳለች ናት። ፕላስተሩ ቀስ እያለ ይሳሳል። አራት ወር ሲሞላ እናት ልጇን ይዛ ተመልሳ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ልጁ ጀርባውን አጎንብሶ ይቀመጣል፣ 12 ሚሊግራም ይገባል፣ ጠራዡም ለሌላ አራት ወር ገጹን ሳይጥል ይሠራል።